አንድም ባዶ ሳጥን የለም

ሊቁ ቅዳሜ ጠዋት የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፣ ቀኝ እጁ እርሳሱን እንደጨበጠ ቀርቷል፣ ማጅራቱ ላይ ያረፈው ነገር መደገም አላስፈለገውም። ዕድሜ ልኩን ሰውን በቃል ሲመታ ስለኖረ፣ በሌላም ነገር መማታት እንደሚቻል ሳይረሳው አልቀረም።

ሊቁ የሚለውን ስም ያወጡለት የጋዜጣ አንባቢዎች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ የቃላት ሳጥን ይሠራ ነበር፤ ፍንጩን እያነበቡ ወደ ጎንና ወደ ታች በፊደል የሚሞሉት ጨዋታ ነው። ከሥሩ «የሳምንቱ ደንቆሮ» የምትባል ጥግ ነበረችው። መልስ ልከው ከተሳሳቱት መካከል አንዱን ይመርጥና ከነሥራው ከነሰፈሩ እያወጣ ያላግጥበታል። ሕዝቡም ቁርሱን እየበላ ይስቃል፤ የሰው ውርደት ተራው የራስ እስኪሆን ድረስ ይጣፍጣል።

ኢንስፔክተሯ ይህን ጨዋታ ሞክራው አታውቅም። «መልሱን እያወቀ የሚደብቀኝ ሰው መሥሪያ ቤት ሞልቶልኛል፤ ቅዳሜዬን ለምን አበላሻለሁ?» ትል ነበር። አሁን ግን ቅዳሜዋ ተበላሽቷል፤ በመዝገበ ቃላት የታጨቀ ክፍል መሃል ቆማ ሬሳውን ታያለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ አረንጓዴ ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል። ከተጻፈባቸው ገጾች አንዱ ተገንጥሎ ቁራጩ ብቻ ቀርቷል።

ኮሪደሩ ላይ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ቆሟል። ካውያው ከላዩ ተቀምጧል፤ ስትነካው እጀታው ድረስ እርጥብ ነው።

«ካውያ ይታጠባል እንዴ?» አለችው ሳጅኑን።

«እናቴ ቤት አይታጠብም፣ እመቤቴ።»

ሐኪሙ ቁስሉን ከካውያው ጫፍ ጋር አስተያየና ራሱን ነቀነቀ፤ ይገጥማል። የሞተበት ሰዓት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሩብ ነው አለ።

ከገበያ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው የቤቱ ሞግዚት ማድ ቤት ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የሊቁ ሚስት በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ልታሳድግ የመጣች ናት። ሕፃኗ አድጋ የራሷን ቤት ይዛ ወጣች፤ ሞግዚቷ ግን ሂጂ የሚላት ስላልነበረ ስታበስል፣ ስታጥብና ስትተኩስ እዚያው አረጀች። ፊደል አልቆጠረችም።

«እማማ፣ ከገበያ ስንት ሰዓት ተመለሱ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ፖሊስ የጠሩት አራት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«ቁጭ ብዬ።»

«ካውያውን ያጠቡት እርስዎ ነዎት?»

ሴትዮዋ እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ለተጠየቀችው ሁሉ ዝም አለች።

የኢንስፔክተሯ አለቃ በስልክ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ፈረደ። «ካውያው የእሷ፣ ቤቱ ውስጥ ያለችው እሷ፣ ዝም ያለችውም እሷ። ምን ቀረሽ? ሰኞ ሦስት ሰዓት ለዓቃቤ ሕግ እናስረክባታለን።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ምን አገኛት?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነዋ ያገኛት» አለና ስልኩን ዘጋው።

ሞግዚቷን ሲወስዷት ነጠላ ጫማዋ በሩ ላይ ወለቀ። ማንም አላነሳላትም፤ አንድ እግሯ ባዶውን መኪና ውስጥ ገባች። ኢንስፔክተሯ ጫማውን አንስታ ይዛው ቀረች። ይቺ ሴት ሰኞ ለዓቃቤ ሕግ ከተሰጠች ሬሳዋ ካልሆነ በቀር ከእስር ቤት እንደማትወጣ ታውቃለች። ተከራክሮ የሚያወጣት ዘመድ የላትም፤ ራሷም አፏን አትከፍትም።

*

የሊቁ ልጅ የምትኖረው ከአባቷ ቤት በመኪና አርባ ደቂቃ ርቃ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። መርዶውን አራት ተኩል ላይ የነገራት የሰፈሯ ጣቢያ ፖሊስ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስድስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ልጅቷ በሩን ከፍታ መንገድ ለቀቀችላት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ የዕለቱ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጹን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል። ሳጥኖቹ ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ፣ እስከ መጨረሻው ተሞልተዋል።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ጋዜጣው ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ይጣልልኛል። ቁጭ ብዬ እሞላለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን አባባ ይደውልና የሞላሁትን አነብለታለሁ። የሳትኩትን ይቆጥራል።»

«ከቆጠረ በኋላስ?»

«ስልኩን ይዘጋል።»

«በየሳምንቱ?»

«ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ። ያኔ ስልክ አያስፈልገውም ነበር፣ ፊት ለፊቱ ነው የምቀመጠው።» ጋዜጣውን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ዛሬ ጨርሼ ስልኩን ስጠብቅ ፖሊስ በሩን አንኳኳ።»

ኢንስፔክተሯ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ለጣቢያው ፖሊስ ደወለች። አዎ፣ አራት ተኩል ሲገባ ጋዜጣው ሙሉ ሆኖ አይቶታል። «እኔ በአንድ ሳምንት ግማሹን አልሞላም፤ ቀናሁባት» አለ። ከዚያ ለጋዜጣው አዘጋጅ ደወለች። አዘጋጁ ከጀርባው ስልኮች እየጮኹበት፣ ይህን ጨዋታ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ሰው በሃያ ስድስት ዓመት አላየሁም ብሎ ዘጋባት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጋዜጣው ሁለት ሰዓት መጣ፣ ፖሊሱ አራት ተኩል ገባ። ደርሶ መልስ ሰማንያ ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ ሄዶ፣ ሰው ገድሎ፣ ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ መጨረስ አይቻልም። ልጅቷ ነጻ ናት።

«ያሳደገችሽን ሴት ይዘናታል» አለቻት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እቴቴ ምስኪን ናት። ግን አባባ ሲሰድባት የኖረው ስድብ… ሰው እስከ መቼ ይችላል?» አለች። ይህን ያለችው በለሆሳስ፣ ለሞግዚቷ እንደምታዝን ሆና ነው። ከዚያ ጋዜጣውን ራሷ አጥፋ ሰጠቻት። «ለማስረጃ ከጠቀመዎት ይውሰዱት።»

*

ከሊቁ መሳቢያ ውስጥ አንድ የዛቻ ደብዳቤ ተገኝቶ ነበር። «ያን ምላስህን የሚቆርጥልህ አንድ ቀን ይመጣል» ይላል፣ ከነፊርማው። የጻፈው አንድ ፋርማሲስት ነው። የዛሬ አራት ወር «የሳምንቱ ደንቆሮ» ሆኖ ወጥቷል።

«ጽፌያለሁ፣ አልክድም» አለ ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ። «አንድ ቃል ተሳሳትኩ፤ ‹ይህ ሰው መድኃኒት እንዳይሰጣችሁ ጸልዩ› ብሎ አወጣብኝ። በማግስቱ አንዲት አሮጊት የሰጠኋትን ሽሮፕ መልሳ አመጣች፤ ‹አንተ ነህ አሉ ደንቆሮው› አለችኝ። እናቴ ናት፣ ኢንስፔክተር። የገዛ እናቴ!»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ። ሰልፉን ይጠይቁ።» ሰልፉ ተጠየቀ፤ እውነቱን ነው። ሰውዬው ግን ገና አልበረደለትም፤ ጋዜጣ ከመደርደሪያው ሥር መዞ አወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፊደሎችና ብዙ ስርዝ በቀር ባዶ ነው። «ዛሬማ ጭራሽ አበደ! ወደ ጎን አንድ፤ ‹ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ፣ ሁለት ፊደል› ይላል። ሞት ነው። ሳጥኑን ቢቆጥሩት አምስት ነው! አንዱም አይገጥምም። ጋዜጣው ቢሮ ስድስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሱም።»

«ልጁ እኮ ሙሉውን ሞልታዋለች።»

ፋርማሲስቱ ቀላ። «እንግዲያውስ የእሱ ዘር ናት» አለና ጋዜጣውን ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ ወጣች ኢንስፔክተሯ። ስለ ሳጥኑ የተናገረውን የተሸናፊ ሰው እሪታ ነው ብላ ተወችው። ያን ዕለት ያጠፋችው ትልቁ ጥፋት ይኼ ነበር።

*

እሑድ ጠዋት ነጠላ ጫማውንና ዳቦ ይዛ ወደ እስር ክፍሉ ወረደች። ሞግዚቷ ጫማውን አጠለቀች፤ ዳቦውን ግን ከሁለት ቆርሳ ግማሹን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«ለማን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሴትዮዋ የገዛ እጇን እንደ ሌባ እጅ አየችው። «ልማድ ነው» አለች። ስለ ካውያው ከተጠየቀች ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ይኼ ነበር።

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ብዙም አልጠየቀቻት። የሴትዮዋ አፍ ቀስ በቀስ ተፈታ። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ሊቁ ጠረጴዛ ፊት ያስቀምጣታል። ምግቧ ፊቷ ይቀርብና በሌላ ሳህን ይከደናል። ሳጥኑን ስትጨርስ ክዳኑ ይነሳል።

«ካልጨረሰችስ?»

«ጨርሳ አታውቅማ። የሰባት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጋ ትጨርስ? እንግዳ ሲመጣ ‹እሳት አመድ ወለደ፣ አመዷ ይቻትላችሁ› ብሎ ያሳያታል። እነሱም ይስቃሉ። እኔ በጓሮ በኩል ዳቦ በኪሴ…» አቋረጠችው።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚሸፍኑት?»

«ጣቴን ቀለም ነክራችሁ አስፈርሙኝና ይለቅ።»

«ያላደረጉትን?»

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጄ። እኔ ላይ ብዙ ዓመት አታባክኑም።»

ኢንስፔክተሯ ነገሩን እያሰላች ደረጃውን ወጣች። ይቺ ሴት በዓለም ላይ የምትሸፍነው አንድ ሰው ብቻ ነው ያላት። እዚያ ሰው ላይ ግን ያ የተሞላ ጋዜጣ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ድረስ ካልፈረሰ አሮጊቷ አለቀላት።

*

የጋዜጣው አዘጋጅ እሑድም ቢሮው ነበር። ስልኩን ከሶኬቱ ነቅሎታል።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከተማው ሁሉ ይሰድበኛል» አለ። «ሰውዬው ሞተብን ብዬ እንዳላመካኝ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሊቁ ጽሑፉን የሁለት ሳምንት አንድ ላይ ነበር የሚሰጠን። ገጹን የሚያቀናብረው ልጅ የዚህን ሳምንት ሳጥን አስገብቶ፣ ከሥሩ የሚቀጥለውን ሳምንት ፍንጭ ለጠፈበት።»

ኢንስፔክተሯ መቀመጥ ጀምራ ነበር፤ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። «ምን ማለት ነው?»

«ፍንጩና ሳጥኑ አይተዋወቁም ማለት ነዋ። ትናንት ያን ጨዋታ ሊቅ አይደለም መልአክ ቢወርድ አይሞላውም።»

ከቦርሳዋ የልጅቷን ጋዜጣ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። አዘጋጁ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ማን ነው ይኼን የሞላው?»

«ትክክለኛው ፍንጭ አለዎት?»

አለው፤ በሊቁ እጅ የተጻፈ። ሰውዬው እያነበበ እሷ ሳጥኑን በጣቷ ተከተለች። ወደ ጎን አንድ፣ «የጎረቤት ሳቅ የሚያሳምመው ሰው በሽታ፣ አምስት ፊደል»፤ ምቀኝነት። ወደ ታች ሁለት፣ «ሰምቶ የማይሰማ፣ አራት ፊደል»፤ ደንቆሮ። ወደ ጎን ዘጠኝ፣ «ልጁን ባየ ቁጥር የሚያፍር፣ ሦስት ፊደል»። አዘጋጁ እዚህ ላይ ድምፁ ቀነሰ።

«አባት» አለች ኢንስፔክተሯ ከሳጥኑ ላይ አንብባ።

ሁሉም ይገጥማል። ባልታተመ ፍንጭ፣ ከተማው ውስጥ ማንም ያላየውን መልስ፣ ልጅቷ አንድ ሳትስት ሞልታለች።

«መልሱ ማን ጋር ነው የሚቀመጠው?»

«እሱ ጋር ብቻ። እኛን አያምነንም። ረቡዕ ረቡዕ በታሸገ ፖስታ ነው የሚያመጣልን። እስከዚያ አረንጓዴ ደብተር አለችው፣ እዚያ ላይ ሳጥኑን በሙሉ ሞልቶ ይይዘዋል።»

የተገነጠለው ገጽ። ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጨፈነች፤ ፋርማሲስቱ ቅርጫት ውስጥ የወረወረው ጋዜጣ መጣባት።

*

ልጅቷ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ተጠርታ ጣቢያ መጣች፤ ፀጉሯን አበጥራ፣ ጥቁር ለብሳ። ኢንስፔክተሯ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት።

«ወደ ጎን አንድን አንብቢልኝ። የጻፍሽውን አይደለም፣ ፍንጩን።»

«‹ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ…›» ቆመች።

«ጨርሺው።»

«‹ሁለት ፊደል›።»

«ስንት ፊደል ጻፍሽ?»

የልጅቷ ጣት ወደሚቀጥለው ፍንጭ ወረደ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ አንድ እንኳ የሚገጥም ቢገኝ ብላ። ኢንስፔክተሯ ልታስቆማት ትችል ነበር። አላስቆመቻትም። የአሮጊቷን ባዶ እግር እያሰበች እስከ መጨረሻው ድረስ ተመለከተቻት።

«ፍንጮቹን አላየሻቸውም» አለች በመጨረሻ።

«መልሱ እጄ ላይ እያለ ለምን አያለሁ?» ልጅቷ ሳቀች። ደስ የማይል፣ አጭር ሳቅ ነበር። «ስለዚህ ትናንት ከተማው ሁሉ ባዶ ነው የተወው?»

«ሁሉም። ባዶ ብትተዪው ኖሮ እስከ ዛሬ ምንም ማስረጃ አይኖረኝም ነበር።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ስታወርደው ሌላ ሰው ሆና ነበር፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ አንቺ እያለች መናገር ጀመረች።

«ከእንግዲህ ስልክ አላነሳም ልለው ነው የሄድኩት። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹አመድ ስልክ ባያነሳ ማን ይጎዳል?› አለኝ። ከዚያ ‹ከመሄድሽ በፊት ይቺን እንኳ መልሺ› ብሎ አንድ ፍንጭ አነበበልኝ። ልጁን ባየ ቁጥር የሚያፍር። ሦስት ፊደል። ቃሉ አልመጣልኝም። ታምኛለሽ? ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሦስት ፊደል አልመጣልኝም። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ በእርሳሱ ጠረጴዛውን እየመታ ይቆጥራል። ካውያው ኮሪደሩ ላይ ነበር። ቃሉን ያየሁት በኋላ ነው፣ ደብተሩ ላይ።»

«ገጹንስ?»

«ገልብጬ ስጨርስ ሽንት ቤት ጨመርኩት። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጨርሼ አላውቅም። ይቺኛዋን ጨርሼ ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው። ኢንስፔክተሯ ግን አላዘነችላትም፤ ገና የምትጠይቃት ነበር።

«ካውያውን አጥበሽ ነው የሄድሽው?»

«አላጠብኩትም። ደሙን እንደያዘ እዚያው አስቀመጥኩት። የእሷ ካውያ አይደል?»

«እቴቴ የምትያት ሴት ናት ያጠበችው። ለአንቺ ስትል። ከትናንት ጀምሮ ምድር ቤት ተቀምጣለች።»

«ማን ለመናት?»

«በዳቦ ያሳደገችሽ ሴት ናት።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው እምቢ እንደማትል ያወቅኩት።» ልጅቷ ጋዜጣውን በእጇ ገፋችው። «አባባ ‹ባዶ ሳጥን› ነበር የሚላት። የፈለግሽውን ፊደል ብትጽፊባት ትቀበላለች። እሱ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።»

ይህን ስትል ድምፁ የእሷ አልነበረም። ኢንስፔክተሯ ሊቁን በሕይወቱ ሰምታው አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን የሰማችው መሰላት፤ ተነስታም ወጣች።

*

ሰኞ ሁለት ተኩል ላይ አለቃው መዝገቡን ፈረመ። ካውያውን ማን እንዳጠበው የሚለው ቦታ ላይ ኢንስፔክተሯ «አልታወቀም» ብላ ጽፋለች። አለቃው አየው፣ እሷንም አያት፣ ገጹን ገለበጠ።

እስር ክፍሉን ራሷ ከፈተችው። ሞግዚቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ትናንት የቆረሰችው ግማሽ ዳቦ አሁንም ኪሷን አሳብጦታል።

«እማማ፣ ይነሱ። ነጻ ነዎት።»

ሴትዮዋ አልተነሳችም። «እሷን ያዛችኋት?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ብያችሁ የለም እንዴ! ጣቴን ብታስፈርሙኝ ምን ነበረበት?» ድምፏ ተሰበረ። «ስገባ ጀርባዋን አየሁት። መታጠፊያው ላይ። ጠራኋት፣ አልዞረችም። ማንም አላያትም ነበር። ሁሉን አጽድቼ ነበር። እንዴት አወቃችሁባት?»

ኢንስፔክተሯ ልትዋሽ አስባ ነበር። ከእስር ክፍል በር ላይ ቆሞ ለመዋሸት ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቃሉ ቶሎ አልመጣላትም።

«ሳጥኑን ጨርሳው አገኘናት» አለች።

ሞግዚቷ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ ኩራት የሚመስል ነገር በራ።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። በእሱ ነው የያዝናት።»

ሴትዮዋ ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ኢንስፔክተሯ ስትረዳው አየቻት። መጀመሪያ እጆቿ ከጭኗ ላይ ወደቁ፤ ከዚያ አፏ ተከፈተ።

«‹ጨርሺው ልጄ› እላታለሁ እኮ» አለች። «በጓሮው መስኮት ዳቦውን እያቀበልኳት ‹ጨርሺው፣ አንድ ባዶ አታስቀሪ፣ ከጨረስሽ ምንም አይልሽም› እላታለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ ነኝ።»

ደረቷን በጡጫዋ መታች፤ ደጋግማ መታችው። ኢንስፔክተሯ እጇን ልትይዛት ሞከረች፣ አቃታት። የሚያጽናና ቃል ፈለገች፤ ያገኘችው ሁሉ ውሸት ነበር።

ከኋላቸው ጠባቂው አንድ ሌላ እስረኛ ይዞ ብቅ አለ። ትንሽ ጠበቃቸው፣ ከዚያ ቁልፉን አቅጨለጨለ።

«እናት፣ ከተፈቱ ይውጡ እንጂ» አለ። «ክፍሉ ይፈለጋል።»